የሳሙና መብራት

ሆስፒታሉ ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ሳሙና» ነው የሚለው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ዓመት ሲሠራ የበር እጀታ በባዶ እጁ ሲነካ ያየው ሰው የለም። በር የሚከፍተው በክርኑ ነው። ሲስቁበት «ሳቁ፣ ሳቁ፤ ጀርሙም አብሯችሁ ይስቃል» ይላል።

አዲስ ተማሪዎች ሲመጡለት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያሳያቸዋል። አንዱን ጠርቶ እጁን ባክቴሪያ በሚያበቅል ሳህን ላይ ያስጫነዋል፣ የሳህኑን ግማሽ በካርቶን ይሸፍናል፣ ከዚያ ሐምራዊው የአልትራቫዮሌት መብራት ስር ያስቀምጠዋል። በማግስቱ የተሸፈነው ግማሽ የእጁን ቅርጽ ይዞ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ አብቅሎ ይገኛል። ብርሃን ያገኘው ግማሽ ባዶ ነው።

«እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቆዳ ይለበልባል» ይላቸዋል። «መነጽርም አድርጉ፣ ዓይናችሁን እንዳያጠፋው። ተራ መስታወት ይበቃል፤ ይሄ ጉድ በመስታወት አያልፍም።»

ሰሞኑን ግን ማስተማሩን ትቷል። የዘጠኝ ዓመት ልጁ እዚያው ሆስፒታል፣ ላይኛው ፎቅ፣ የቃጠሎ ክፍል ተኝታለች። የፈላ ውኃ ከአንገቷ እስከ ትከሻዋ ፈሶባት ነው። ሐኪሙ ጀርም ካልገባበት ቁስሉ ይድናል ብሎ ነበር። በስድስተኛው ቀን ገባበት።

ናሙናውን ሳሙና ራሱ መረመረው። ሳህኑ ላይ የበቀለው ወርቃማ ቢጫ ነበር፤ ሰው ቆዳ ላይ ዝም ብሎ የሚኖር፣ ቁስል ሲያገኝ ግን የማይምር ዓይነት። መድኃኒት እየቀያየሩ ሞከሩ፤ አልበገርም አለ።

«ሰው ነው ያመጣባት» አላት ለሲስተሯ። «የሰው እጅ ነው።»

ከልጅቷ አጠገብ የማትጠፋው አክስቷ ናት። የሟች እናቷ ታላቅ እህት፣ ጡት ሳትጥል ተቀብላ ያሳደገቻት። መታጠቡንስ ትታጠባለች፤ ግን ልጅቷ ባቃሰተች ቁጥር ሁሉንም ትረሳዋለች። ጣቶቿን ትስማለች፣ ግንባሯን ትዳብሳለች፣ ላቧን በመዳፏ ትጠርጋለች። ሲስተሯ ስንት ጊዜ ተቆጥታታለች።

ሳሙና እንዲህ አያደርግም። ጭምብሉን አድርጎ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ልጁን በዓይኑ ብቻ ይስማታል። የሚያመጣላት ነገር አንድ ነው፤ የእናቷ የሐር ሻሽ። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእናቷ ሻሾች አንዱን አንገቷ ላይ ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሐር ደግሞ የሆስፒታሉን ጀርም መግደያ እንፋሎት አይችልም። ስለዚህ ሳሙና ቤቱ በገዛ እጁ ያጥበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ባለክዳን ዕቃ ውስጥ ከትቶ ላቦራቶሪ ያመጣዋል፣ መብራቱ ስር ሙሉ ሰዓት ያቆየዋል።

ሲስተሯ መጀመሪያ ላይ «ጋሼ፣ የውጭ ጨርቅማ ክልክል ነው» ብላው ነበር።

«ቤት ከከደንኩት ጀምሮ አንገቷ ላይ እስኪያርፍ ድረስ አየር እንኳን አይነካውም» አላት።

«እንግዲህ የሳሙና ዕቃ ካልታመነ ምን ሊታመን ነው» ብላ አሳለፈችው።

በዘጠነኛው ቀን ሳሙና አክስትየውን ኮሪደር ላይ ጠራት።

«እትዬ፣ እጅዎን እዚህ ላይ ይጫኑልኝ።»

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሳህን ነው። አይጎዳዎትም።»

ጫነች። በማግስቱ ሳህኑ ሲወጣ አምስቱም ጣቶቿ በወርቃማ ቢጫ ቁልጭ ብለው ታዩ። ሲስተሯም አየች፣ ሐኪሙም አየ። ሁለተኛ ሳህን የጠየቀ ግን አልነበረም።

«ይሄ ከእኔ ነው?» አለች አክስትየው፣ እጆቿን እያገላበጠች።

«ከእርስዎ ነው፣ እትዬ። ከእንግዲህ አይግቡ።»

አልተከራከረችም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች፤ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የፎቁን መስኮት ስታይ ትውል ጀመር። ልጅቷ «እቴቴስ?» ስትል «ጉንፋን ይዟት ነው» አሏት።

ሳሙና ሻሹን ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ጊዜ ያመጣ ጀመር። «አሁን እንኳን የሚነካት ንጹሕ ነገር ብቻ ነው» ይል ነበር። ትኩሳቱ ግን ጭራሽ ባሰበት።

«ሃያ ዓመት ጀርም ስገድል ኖሬ፣ ለልጄ ሲሆን እንዲህ ልሁን?» አለው ለሐኪሙ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ።»

ሐኪሙ ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ልጅቷ ሞተች። አንገቷ ላይ የጠዋቱ ሻሽ ነበር።

ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን አክስትየው ላቦራቶሪ መጣች። በሩን የከፈተችው በክርኗ ነው። እጆቿ በበረኪና ተልጠው ቀልተዋል።

«ይቅር በለኝ ልልህ አልመጣሁም፤ ይሄ ይቅር የሚባል አይደለም» አለችው። «ምነው ይሄ እጅ ቀድሞ በተቆረጠ።»

ሳሙና እንባው መጣ። በጣም አዘነላት።

«አውቀው አላደረጉትም፣ እትዬ። እኔ ቂም የለኝም።»

እጇን ሊይዛት ዘርግቶ ነበር፤ መልሶ ሰበሰበው።

«እንግዲያው አንድ ነገር ስጠኝ። የእህቴ ሻሽ፣ የቀረ ካለ።»

አንድ ቀርቶ ነበር፤ ልጅቷ በሞተችበት ቀን ለከሰዓት ያዘጋጀላት። መብራቱን ለማጥፋት እንኳን አቅም አጥቶ ጥሎት ነው የሄደው። እስካሁን እንደበራ ነው።

መነጽሩን አደረገና የመስታወት ዕቃውን ከመብራቱ ስር አንሥቶ፣ ከቤት እንደከደነው፣ ሰጣት።