የአንድ ሰዓት በረራ

ስልኩ አጭር ነበር። የደወሉት አምቦ ያሉት የእናቱ ጎረቤት ኦቦ ገመቺስ ናቸው።

«ምትኩ፣ እናትህ ታማለች። ቶሎ ና።»

ምትኩ ምንም አልጠየቀም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሩቅ ላለ ልጅ የሞተው ሰው «ታሟል» ነው የሚባለው። ከአራት ዓመት በፊት «አባትህ ታሟል» ሲሉትም ወዲያው ገብቶት ነበር። ቀብሩ አመለጠኝ ብሎ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ድሬዳዋ ሳምንት ሙሉ አለቀሰ። አምቦ የሄደው ለአርባው ነው። ዘመዶቹ የነገሩት የአርባው ቀን እሱ ከቆጠረው በሦስት ቀን ይዘገይ ነበር። ለካህናቱ እንዲመች ይሆናል ብሎ አልጠየቀም።

የእናቱ ቀብር ግን አያመልጠውም። ጥቁር ሸሚዝ ገዝቶ የጠዋቱን አውሮፕላን ያዘ። ከድሬዳዋ ቦሌ በአየር ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት። አምቦ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌለ የቀረው መንገድ በመኪና ነው።

ኦቦ ገመቺስ ቦሌ ድረስ መጥተው ተቀበሉት።

«አካም ጅርታ፣ ምትኬ? ጥቁሩ ለምንድን ነው?»

«ኦቦ ገመቺስ፣ ልጅ አይደለሁም። ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«የምን ቀብር? ታማለች አልኩህ እኮ!»

አዲስ ዓለምን ሲያልፉ የሰውየው ስልክ ጮኸ። አዳምጠው ዘጉት።

«እናትህ ናት፤ ምሳ በልቷል ወይ ትላለች።»

«ድራማውን ማን ነው የጻፈላችሁ?» አለ ምትኩ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጊንጪ ላይ መኪናውን አቁመው ብርቱካን ገዙ።

«ይሄ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለበሽተኛ ነዋ!»

«እስከዚህ ድረስ ታስመስላላችሁ? እኔ አልታለልም!»

«ያ ዋቃ! ይሄ ልጅ እናቱን በግድ ሊገድላት ነው» አሉ ኦቦ ገመቺስ። ከዚያም ሞተሩን አስነስተው ወደ አምቦ ነዱ።

ደጁ ላይ ድንኳን አልነበረም።

«ቀብራችሁ ድንኳኑንም አፍርሳችሁታል!» ብሎ ጮኸ ምትኩ። «ማንም እንዳይዘኝ! ማንም እንዳያባብለኝ!» ደረቱን እየደቃ ገባ።

ወይዘሮ አየለች አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ክንዳቸው ላይ ጉሉኮስ ተተክሏል። የልጃቸውን ጥቁር ሸሚዝ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እማዬ... አለሽ?»

«አለሁ። ለማን ብዬ ነው የምሞተው?»

ምትኩ እግራቸው ስር ወደቀ። እያለቀሰ ይስቃል፤ እየሳቀ ያለቅሳል። እናቱ አላባበሉትም። እስኪጨርስ ጠበቁት።

«በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«አንድ ሰዓት ብቻ፣ እማዬ።»

ወይዘሮ አየለች ከኦቦ ገመቺስ እጅ አንድ ብርቱካን ተቀብለው መላጥ ጀመሩ።

«አባትህ፣ ታሟል ካልንህ በኋላ፣ በሩን በሩን እያየ ሦስት ቀን ጠብቆሃል።»