ሦስተኛው ገመድ

መካኒኩ የመጀመሪያውን የካንዴላ ገመድ ሲነቅል አሮጌዋ ፎር ዊል መኪና ልትጠፋ ደርሳ ተንዘፈዘፈች። መልሶ ሰካው። ሁለተኛውን ሲነቅልም እንደዚያው ሆነች። ሦስተኛውን ሲነቅል ግን ሞተሩ ምንም አላለም፤ እንደ ቅድሙ እያነከሰ መሥራቱን ቀጠለ።

«አገኘሁት እናቴ፣ የማይሠራው ይኼ ነው» አለ።

«በምን አወቅህ?» አሉት የመኪናዋ ባለቤት፣ ቦርሳቸውን እንዳቀፉ። ሦስት ጋራዥ አዙረዋት መላ ያገኘላት አልነበረም።

«ሲነቀል ሌሎቹ አልተሰማቸውም።»

ይህን ካለ በኋላ ገመዱን እንደያዘ የጠዋቱ ነገር ትዝ አለው። ሃያ ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወደ ሥራ የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነበር። ባልደረባው ከጭነት መኪና ሥር እጁን ብቻ አውጥቶ «አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ» አለው፤ ሽንት ቤት ደርሶ የመጣ ይመስል። አቀበለው። ደህና ሆንክ ወይ እንኳ አላለውም።

«ታዲያ ያለሱም ትሄዳለች ማለት ነዋ?» አሉት ሴትዮዋ።

«ትሄዳለች እንጂ። እዚህስ በምን መጣች?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ! ሜዳውንስ እሺ፤ ዳገት ላይ ስንቴ ጉድ ሠርታኛለች።»

መካኒኩ ፈገግ ለማለት ያህል ቀና ሲል ዓይኑ ባልደረባው የተኛበት የጭነት መኪና ላይ አረፈ። ጠዋት ልብ አላለውም ነበር። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ካምቢዮውን አብረው ያወረዱት ያው መኪና ነው። ዛሬም ክሪክ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ካምቢዮው አቧራ ለብሶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ለአንድ ሰው የሚነሣ አይደለም።