ሁለተኛው አቤት

ጽጌረዳ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ወትፋ ለአሠሪዋ ለሲኞራ ጉሮሮ ያፈላችውን የካሞሚላ ሻይ በማር ታማስላለች። ከወዲያ ማዶ ጓደኛዋ አብረኸት ናት። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ካለው ምግብ ቤት ስትደውል ሁልጊዜ ከጀርባዋ ሰሃን ይንኳኳል።

"አሎራ፣ እንግዲህ ሴትዮሽ ተናገሩ?"

"ምንም።"

"ሰዎቹስ መቼ ነው የሚመጡት?"

"አስር ሰዓት። አሁን ይደርሳሉ። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ ጉትቻቸውን አድርገው ተቀምጠዋል።"

"ያመጣሁልሽን ጸበል ረጨት አድርጊባቸው ብዬሽ ነበር።"

"ሴትዮዋ በጸበል አያምኑም እኮ።"

"ጸበሉ ምን ቸገረው?"

ጽጌረዳ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም።

ሲኞራ ሊኔት ባሮው አሜሪካዊት ተዋናይ ናቸው። በአገራቸው ቴሌቪዥን ነርስ ሆነው ስንት ዘመን ተውነዋል። ሮም ለአንድ ፊልም መጥተው በዚያው ቀሩ። ኢጣልያ ውስጥ መልካቸውን የማያውቅ የለም፤ ድምፃቸውን የሚያውቅ ግን አልተፈጠረም። እዚህ አገር የውጭ ፊልም ሁሉ ኢጣልያናዊ ድምፅ ይገባበታል። ከሳቸው አፍ የሚወጣውም ዕድሜ ልካቸውን የኢጣልያናዊቷ ተዋናይ የዋንዳ ድምፅ ነበር። አንድ ቀን አይብ ሻጩ "እመቤቴ፣ ቁርጥ ያቺን ተዋናይ! ምን ያደርጋል፣ ድምፅዎ ነው እንጂ" ብሏቸው፣ መንገድ ለመንገድ ሲስቁ ገቡ።

ዋንዳ ባለፈው ወር ሞቱ። ሲኞራ ከቀብር ተመልሰው ቁልፋቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ምንም አልወጣም። እስካሁን አልወጣም። ሐኪሙ ጉሮሯቸው ጤነኛ ነው አለ። ጽጌረዳ የምታስበው ለሐኪም የሚነገር አይደለም፤ ሟቿ የራሳቸውን ድምፅ ሲይዙ የኚህንም አብረው ይዘው ሄደዋል።

ዛሬ የሚመጣው ዳይሬክተር ደግሞ የፈለገው ያንኑ የጠፋውን የራሳቸውን ድምፅ ነው። አጭር የትወና ቦታ አለችኝ፣ በዚያ በተሰባበረ ኢጣልያንኛዎ፣ በገዛ ድምፅዎ ይጫወቱልኝ ብሎ ዋንዳ ሳይሞቱ ነበር የጠየቃቸው። ሲኞራ ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሱ። አሁን አንዲት ቃል ካልወጣቸው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ሌላዋም ተጠርታ እየጠበቀች ነው።

"ሮዛ!"

ከሳሎን ነው። ጽጌረዳ የሚለው ስም ሲኞራን ከመጀመሪያው ቀን ስላቃታቸው፣ ትርጉሙን ጠይቀው ሮዛ ነው የሚሏት። ስልኩ ከትከሻዋ ይወድቃል። አፏ ከልቧ ይቀድማል።

"አቤት!" ትላለች በደስታ፣ ብርጭቆውን እንደያዘች እየሮጠች።

ሲኞራ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ግጥም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ላይ የድሮ ፊልማቸው እየታየ ነው። ወጣቷ ሊኔት በነጭ ቀሚስ አንድ ባዶ ቤት ውስጥ ደረጃ ላይ ቆማለች። በፊልሙ ያለችውን ሮዛ የተጣራችው እሷ ናት። ድምፁም የዋንዳ ነው።

ጽጌረዳ ለሙት ጥሪ አቤት ብላለች።

እናቷ ስንቴ መክራታለች፤ የጠሪውን ፊት ሳታዪ አቤት እንዳትይ፣ ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ ሙት ሁለቴ ጠርቶ ይተዋል፣ አቤት ያለውን ይዞት ይሄዳል እያለች። ይህን ለሲኞራ ያጫወተቻቸው ጊዜ በሳቅ ፈርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ሆን ብለው "ሮዛ፣ ሮዛ" ይሉና ጸጥ ይላሉ፤ እሷም ከኩሽና ሆና "ሦስተኛው የታለ?" ትላለች። አቤት የምትለው እሱ ሲመጣ ብቻ ነበር። ዛሬ ድምፅ ናፍቋት ምኑንም አላስታወሰች።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለችው ልጇ ሕሊና ትመጣባታለች፤ ከትምህርት ቤት ተመልሳ አሁን እቤት ብቻዋን ናት። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች፤ ይህን ያህል የምታምን አይመስላትም ነበር።

ሲኞራ ፊቷን ያዩታል። አመድ የመሰለው ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ድምፅ አያስፈልጋቸውም። ቴሌቪዥኑን ያያሉ፣ መልሰው እሷን ያያሉ። የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ቀስ ብለው ይነሱና በሷና በወጣቷ መሀል ይቆማሉ።

"ሮዛ!" ይላል የዋንዳ ድምፅ እንደገና።

"አቤት" ይላሉ ሲኞራ።

ሻካራ ነው። ዝገት የበላው፣ አማርኛ የማያውቅ ጉሮሮ ያጣመመው አቤት፤ ግን የራሳቸው ነው።

"ሲኞራ፣ ምነው? የመለስኩት እኔ ነበርኩ እኮ።"

"በኔ አፍ ነው የጠራችው፣ እኔ ልመልስላት" ይላሉ፣ አየር እያጠራቸው። "አንቺ ልጅ አለሽ።"

ጽጌረዳ እጃቸውን ይዛ ትስመዋለች። ቀዝቃዛ ነው። በድምፃቸው ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣ ይላታል። ሁለቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው ይጠብቃሉ። ወጣቷ ደረጃውን ትወርዳለች፣ መብራቱን ታጠፋለች፣ ሙዚቃ ይገባል። ደግማ አትጣራም።

የበሩ ደወል ይጮሃል።

ሲኞራ ጉትቻቸውን ያስተካክላሉ፣ ከንፈራቸውን ያረጥባሉ። "መጡልኝ። ክፈቺ እንጂ፣ ሮዛ" ይላሉ በዚያ ሻካራ ድምፅ።

ጽጌረዳ ኮሪደሩን አልፋ እጀታውን ትይዛለች። ከበሩ ወዲያ የሰው ኮቴም ንግግርም አይሰማም። ደወሉ ይደግማል። እጀታውን ጭብጥ አድርጋ፣ ሳትከፍት፣ ሦስተኛውን ትጠብቃለች።