ሆዴን ባሰኝ

ውሾች በአንገት ማሰሪያቸው መናገር ከጀመሩ ወዲህ፣ መቻል የተባለው የትርሲት ውሻ ያለማቋረጥ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሆዴን ባሰኝ።»

ሥራ ስለበዛባት ያኮረፈ መሰላትና ጮማ እየቆረጠች ታባብለው ጀመር። እሱ ግን አላቆመም። ሲሰለቻት ማሰሪያውን አጠፋችው። ሐኪም ቤት ይዛው የሮጠችው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ሆዱን ሳይቀድ፣ በአፉ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የተዘጋውን የሐሞት መስመር ከፈተለት።

«ሆዱን እንዳመመው አልነገረዎትም?»

«ነግሮኛል» አለች አንገቷን ደፍታ። «ኩርፊያ መስሎኝ ነው።»

መቻል ሲነቃ ማሰሪያውን በገዛ እጇ መልሳ አበራችው። ውሻው አንዴ አያትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሆዴን ባሰኝ።»

ትርሲት ደንግጣ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«ሆዱስ ድኗል» አላት ቀስ ብሎ።