የተሸጠው ሰዓት

ጡረታ የወጣው ዳኛ ዕድሜውን ሙሉ ከሰበሰባቸው አሥራ አንድ የእጅ ሰዓቶች መካከል፣ ሚስቱን የሚመታት አንደኛውን ያሰረ ቀን ብቻ ነበር። በእጅ የሚሞላ፣ መስተዋቱ የተጫጫረ የድሮ ሰዓት ነው። ይህን ያስተዋለችው እሷ ብቻ ናት። ለምና፣ አባብላ፣ በስንት መከራ እንዲሸጠው አደረገችው።

ገዢው አንገቱን የደፋ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከወጣት ሚስቱ ጋር መጣ። ሰዓቱን አሰረና ጆሮው ላይ ለጥፎ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። የዳኛው ሚስት ለልጅቷ ልትነግራት አፏ ድረስ መጣ፤ ግን ዋጠችው፤ የስልክ ቁጥሯን ብቻ ሰጠቻት።

ሦስት ቀን ቤቱ ሰላም ሆነ፤ ዳኛው ሻይ ሳይቀር አፈላላት። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ እሱ ሳሎን ሶፋው ላይ እንዳንቀላፋ፣ ወጥ ቤት ሰሃን ስታጥብ አንድ ከባድ ጥፊ ከቧንቧው ጋር አላተማት። ዞር አለች፤ ማንም የለም። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደም ይንጠባጠባል። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ፣ የልብስ ሰፊው ባለቤት ነኝ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ይሄ ሰው ምን እንደነካው እንጃ፣ አሁን በጥፊ መታኝ።»

«አይዞሽ የኔ እህት። ተጎዳሽ?»

«የሚገርመኝ እኮ እሱ ነው። ሲያጮለኝ ሰማሁት እንጂ ምንም አላመመኝም። ቆይ... እየመጣ ነው። ቀበቶ ይዟል።»

የዳኛው ሚስት ስልኩን ጥላ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የመጀመሪያው ግርፋት ያረፈው እዚያው፣ ጀርባዋ ላይ ነበር።