የተዘለለችው ምላስ

ቫዲቩ አውራ ጣቷን ከእንስት አምላኳ ከማሪያማን ቤተ መቅደስ ባመጣችው ነጭ አመድ ውስጥ ነክራ የባሏን ግንባር ቀባች። «እናት ማሪያማን፣ የባሌን ግንባር ጠብቂልኝ» ስትል አዜመች። ከግንባር ወደ ቅንድብ፣ ከቅንድብ ወደ ዓይን እያዜመችና እየቀባች ወረደች። የጋሻ ዜማ የሚባለው የዚህ ጸሎት ወግ ይኸው ነው፤ የሰውነትን ክፍል አንድ በአንድ እየጠራ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይሄዳል። የተጠራው ይጠበቃል። ሳይጠራ የታለፈው መዝጊያ እንደሌለው ቤት ክፍት ይቀራል።

ቼላያ በረንዳው ላይ፣ የገመድ አልጋው ላይ ተንጋሏል። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ካለው፣ አንደበቱም ከተዘጋ ወር አልፎታል። የቀረው የግራ እጁ ነው፤ በእሱ ጣት የአልጋውን ጠርዝ ቀስ እያለ መታ መታ ያደርጋል። ሚስቱ ሥራ የፈታ ጣት ነው ብላ ልብ አላለችውም።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ፈጠን ይበሉ። የአባባ አጥሚት ቀዘቀዘ» አለች ምራቷ ማላር፣ ደጃፉ ላይ ኮኮናት እየፋቀች።

«አምላክና ሕመምተኛ አይቻኮሉም። አንቺ ኮኮናትሽን ፋቂ።»

ቼላያ ዕድሜውን የፈጀው በአውቶቡስ ትኬት ቆራጭነት ነው። ተሳፋሪውን ቀጥ የምታደርገው ከሾፌሩ ፍሬን ይልቅ የእሱ ምላስ ነበረች። ቤት ገብታም አታርፍም። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ስታዜምለት ጀርባውን ሰጥቷት ጢሙን እየተላጨ፣ «ምስኪን ማሪያማን፣ ጆሮዋ አለቀላት፤ ለእሷስ ማን ይሆን የሚያዜምላት?» ይላል። ይህን ለምዳዋለች። ያልቻለችው፣ የጎረቤት ልጅ ጆሮ በተበሳበት ድግስ ላይ፣ «እናታችን ከሁሉም ጠብቃኛለች፣ ከዚህች ሴት ወጥ በስተቀር» ብሎ እንግዳውን ሁሉ ሲያስቅባት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቫዲቩ አብራ ሳቀችና ሆድ ይፍጀው አለች። በማግስቱ ስታዜም ግን ከጥርስ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጉሮሮ አለፈች። ይቺን እንኳ ራሱ ይጠብቃት ብላ ምላሱን ዘለለቻት።

ሳምንት ሳይሞላ ወደቀ። ሐኪሙ የደም ግፊት ነው፣ ኪኒኑን አቋርጦ ነው አለ። ቫዲቩ ራሷን ነቀነቀች፤ ሐኪሙ ስለተዘለለችው ምላስ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህም ደፍራ አልጠራቻትም። በገዛ እጇ ደጅ ያስቀረቻትን በየትኛው ዓይኗ ጠብቂልኝ ትበል? ደግሞስ ጠርታት ንግግሩ ባይመለስ ምን ተስፋ ይቀራታል? ፈራች፣ እየፈራችም በየቀኑ ዘለለቻት።

«የባሌን ከንፈር ጠብቂልኝ። የባሌን ጥርስ ጠብቂልኝ። የባሌን ጉሮሮ...»

ጣቱ ቆመ።

ደክሞት ይሆናል ብላ ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነው። «የባሌን ጉሮሮ» ብላ ደገመች። ጣቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድም አለ። ወደ ኋላ ተመልሳ ጥርስን ጠራች፤ ጣቱ ወርዶ በቦታው መታ። ጉሮሮ ስትል እንደገና ተነሥቶ ቆመ።

«አባባ ምን ሆኑ?» አለች ማላር።

«ምንም አልሆኑ።»

ገባት። ያ ጀርባውን ሰጥቶ ሲያሾፍባት የኖረ ሰው፣ ዜማዋን ከራስ እስከ ጥፍር ያውቀው ኖሯል። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«መዝለሌን ያውቁ ነበር? ከመጀመሪያዋ ጠዋት ጀምሮ?»

ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ።

«ያን ጊዜ እኮ አፍ ነበረዎት። ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

ያ ለማንም የማይመለስ አፍ፣ ገና ደኅና ሳለ፣ ይህችን አንዲት ነገር ሰምቶ ዋጥ አድርጓት ነበር። ቫዲቩ አፈረች፤ ከኀፍረቷም በላይ አሳዘናት።

«በሰው ፊት አዋረዱኝ» አለች ቀስ ብላ። «ተቀይሜ ነው።»

ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ጣቱም እንደተንጠለጠለ ነው። ቫዲቩ አውራ ጣቷን አመዱ ውስጥ ነክራ ወደ አፉ አቀረበች። ወደ አንድ ወገን የተጣመመው አፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ምላሱ ወጣች፤ ደርቃ፣ ወደ ቀኝ አዘንብላ፣ አመዷን ትጠብቃለች።