ጊደሯ ትደግ

የከተማዋ ሆስፒታል አክሲዮን ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ ለባለአክሲዮኖቹ የትርፍ ድርሻ ከፍሎ አያውቅም። በየዓመቱ ጉባኤ ላይ አንድ ጡረተኛ መምህር እየተነሱ «ትርፋችን ይከፈለን» ይላሉ። ሰብሳቢውም «መምህር፣ ጊደር አትታለብም፤ መጀመሪያ ትደግ እንጂ!» እያሉ አዳራሹን ያስቃሉ። ትርፉ አንድ ጊዜ ለራጅ ክፍል፣ ሌላ ጊዜ ለተጨማሪ ፎቅ ዋለ።

ዘንድሮ ሰብሳቢው በትርፉ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን እንዲገዛ ሐሳብ አቀረቡና «የምትደግፉ?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

«ምነው መምህር፣ ዛሬስ አይሟገቱንም? ደከሙ እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው። ሰዉ ሳቀ።

መምህሩ ወንበር ተደግፈው ተነሡ። «ድርሻዬን የምጠይቀው ባለቤቴን አዲስ አበባ እያመላለስኩ ኩላሊቷን ለማሳጠብ ነበር። በጥር አረፈች።»

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን ከአፋቸው አራቁ።

«ምነው ያኔ ቢነግሩን?»

«የቤት ገመና ጉባኤ ላይ ይወራል እንዴ?» አሉና ተቀመጡ።

ማሽኑ በሰኔ ተተከለ። በቀን ሦስት ሰው ያጥባል።